ነጩ ቡታጅራ፣ ቢጫው እንሴኖ

አባቴ ሁለት ሚስት አለው። ይህን መጀመሪያ ላይ የምናገረው ለሐሜት አይደለም፤ ሐሜት ቢሆን መጨረሻ ላይ ነበር የማመጣው። ይህን ያላወቀ ሰው መድኃኒቱ እንዴት እንደተበላሸ አይገባውም።

አንደኛዋ እናቴ ከድጄ ናት፤ ቤቷ ቡታጅራ ነው። ሁለተኛዋ ሙዝደሊፋ ናት፤ ቤቷ እንሴኖ ነው። እኔ ሙዜ እላታለሁ፤ እማ ደግሞ "ያቺ" ትላታለች። አባ ሦስት ቀን እዚህ፣ ሦስት ቀን እዚያ ያድራል። የቀረውን አንድ ቀን በርበሬው ይወስንለታል።

አባ ሰይዶ ይባላል። መስቃን ውስጥ በርበሬ ለቅሞ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጆንያ ሲከፈትለት ሁለት ሦስት ዛላ አንስቶ ወደ ብርሃን ያዞርና "ይሄን ዝናብ አግኝቶታል፤ ይሄ ሳይደርስ ተለቅሟል፤ ከላይ ያለው ቆንጆ ነው፣ ከሥር ያለውን ግን ያፈርክበት ይመስለኛል" ይላል። ሰውየው ይስቃል፤ ማፈሩ እውነት ነዋ። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ስልክ ሲደውሉ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት "ሰይዶ አይቶታል?" ይላሉ።

ያየው የነበረው ግን በአንድ ዓይኑ ነው። ግራውን ልጅ እያለ እሾህ ወግቶት ጠፍቷል። ስለዚህ ቀኙ ሲመታ የተመታው ያለው ሁሉ ነው።

የሆነው በ2002 ኅዳር ውስጥ ነው። እንሴኖ ገበያ ላይ ፈረሱ የተፈታ ጋሪ ይጭናሉ። ከኋላ ጆንያ በዛበትና ጋሪው ወደ ኋላ ሲደፋ የፊቱ እንጨት ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ የአባን ቅንድብ አገኘው። ደም ብዙ አልፈሰሰም። ጥላ ሥር አስቀመጡት፣ በጨርቅ አሰሩለት፣ "ቅንድብ ናት፣ ምን አላት" አሉት። ትንሽ ቆየና "መሸ እንዴ?" አለ። ሰዓቱ ስድስት ነበር፤ የቀኑ ስድስት።

ዓይኑ ምንም አልሆነም ነበር። አልቀላም፣ አልፈሰሰም። ፊቱ ቆማችሁ ብታዩት ያያችኋል ብላችሁ ትምላላችሁ። አጎቴ ዑመይር እንኳ አላምን ብሎ ጣቱን ወደ ዓይኑ ወርወር አደረገበት። አባ አልጨፈነም። ዑመይር ጣቱን ኪሱ ከተተና ያን ቀን ሌላ ቀልድ አልተናገረም።

ቡታጅራ ያለው የዓይን ሐኪም ዶክተር አስረስ ይባላል። አባን መጀመሪያ አዲስ አበባ ልኮት ጭንቅላቱን በማሽን አስነሳው። በአምስተኛው ቀን ፊልሙን ይዘን ተመለስን። መስኮቱ ላይ ለጥፎ ብዙ አየው።

"ዓይኑ ደህና ነው" አለ።

"አልሐምዱሊላህ" አለች እማ።

"ችግሩ ከዓይኑ ጀርባ ነው። ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚወስድ ነርቭ አለ። እንጨቱ ሲመታው እሱ ነው የተጎዳው።"

"ተበጠሰ?" አልኩ።

"አልተበጠሰም። ተጨፍልቆ አብጧል።" ዞሮ አየኝ። "ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"አምስተኛ ነበርኩ።"

"ነበርኩ ማለት?"

"አምስተኛ እዚያው አለ፤ እኔ ነኝ የወጣሁት።"

እማ በክርኗ ጎሸመችኝ። ዶክተሩ አልሳቀም፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ተናገረ። ባትሪ አብርቶ በአባ ዓይን ፊት ሲያንቀሳቅስ አባ "እዚህ ጋ፣ አሁን እዚያ ጋ" አለ። ብርሃን ካወቀ ተስፋ አለ ማለት ነው አለን። ከዚያ ሁለት ዓይነት ኪኒን አዘዘ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ።

"ነጩ እብጠቱን እንዲቀንስ ነው። ቢጫው የተጎዳው ነርቭ እንዳይሞት ይረዳል ተብሎ ነው። ሁለቱ አብረው ነው የሚወሰዱት፤ በየቀኑ፣ ጠዋት፣ ቁርስ ከበላ በኋላ። ነጩ በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ በድንገት አይቆምም። በድንገት ከቆመ ሰውየው ይወድቃል። ገባሽ?"

"ገባኝ። ከወሰደ ያያል?"

ብዕሩን አስቀመጠ። "አንዳንዱ ያያል። አንዳንዱ መድኃኒት ሳይወስድም በራሱ ይሻለዋል። አንዳንዱ ምንም ብታደርጊለት አያይም። እኛ ሐኪሞችም በዚህ ነገር ገና አልተስማማንም። እኔ ሁለቱ አብረው ቢሞከሩ ይሻላል ብዬ ነው። ዋስትና ግን አልሰጥም።"

አባ "ቀለም ይለያል ወይ?" አለ።

"የቱን ቀለም?"

"ቀይ።"

"ይህ ነርቭ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚደበዝዘው ቀይ ነው፤ ሲመለስም ይዘገያል። እናያለን፣ ጋሽ ሰይዶ።"

በመንገድ ላይ አባ ስለ ዓይኑ ምንም አላለም። "ሲዘገይ ስንት ገበያ ይሆናል?" ብቻ ነው ያለው። መልሱን አላውቅም፤ ስለዚህ "ጉድጓድ አለ፣ እግርህን አንሳ" አልኩት።

ሦስት ቀን እማ ቤት ሁለቱንም ወሰደ። በአራተኛው ቀን ተራው የእንሴኖ ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ።

በእኛ ደንብ አንዷ ቤት የገባ ነገር ወደ ሌላዋ ቤት አይሄድም። ስኳር ሲገዛ ሁለት ጊዜ ይገዛል። ሥጋ ሲከፈል ቅርጫው እኩል ነው፤ አጥንቱ እንኳ ይቆጠራል። አንድ ጊዜ አባ ጃኬቱን እማ ቤት ረስቶ እንሴኖ ሄዶ ብርድ መታው፤ ሙዜ ሰው ልካ ጃኬቱን ማስመጣት ስትችል ሌላ ጃኬት ገዛችለት። ከአንዷ ቤት ዕቃ አንስቶ ሌላዋ ጋ የሚያስገባ ባል ሚስቱን በአደባባይ ሰደበ ማለት ነው። አባ ደግሞ በዚህ ነገር የታወቀ ነው። ሰው "እንደ ሰይዶ አካፍል" ይላል።

እና እማ የመድኃኒቱን ፌስታል ሳጥን ውስጥ ቆልፋ "እሱ ይሂድ፤ መድኃኒቱ አይሄድም። ሲመለስ ይውጣል" አለች።

"እማ፣ በየቀኑ ነው የተባለው።"

"ዝም በይ አንቺ። ያቺ ገበያ ነው የተመታው፤ እኔ ቤት ነው የሚድነው።"

ሙዜ ይህን በስልክ ሰማች። ማን እንደነገራት አልናገርም። በማግስቱ እኛ ገና ሳንነሳ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። አሰላሙ አለይኩም ብላ ገባች፤ እማ ዋአለይኩም ሰላም አለች፤ ሰላምታው እዚያ ላይ አለቀ።

"የታመመው ያንቺ ብቻ ነው እንዴ እታለም?" አለች ሙዜ። "እኔ ምንድን ነኝ? አልጋ አከራይ ነኝ?"

"አልጋሽን ማን ነካብሽ።"

"ሲድን 'ከድጄ አዳነችው' ይባላል። ሳይድን ሲቀር 'እንሴኖ ሄዶ ነው' ይባላል። ይህን የማላውቅ መሰለሽ?"

እማ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ሁለቱም ወደ አባ ዞሩ። አባ አላያቸውም፤ ድምፃቸው ሲቆም ግን ተራው እንደሆነ አወቀ። ፌስታሉን አስመጣ። በእጁ ዳበሰው። ሁለት ፓኬት ነው።

"ሁለት ነው። ቤቴም ሁለት ነው" አለ። "ነጩ ቡታጅራ፣ ቢጫው እንሴኖ።"

"አባ፣ አብረው ነው የተባለው" አልኩ።

"አብረው አይደለም እንዴ? ሆዴ አንድ ነው፤ እዚያ ይገናኛሉ።"

እማ እሺ አለች። ሙዜም እሺ አለች። ሁለቱም በአንድ ነገር እሺ ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ስህተት ላይ።

እኔም ዝም አልኩ። ከአምስተኛ ክፍል ብወጣም ዶክተሩ የጻፈውን ወረቀት አንብቤያለሁ፤ ስህተት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከጮህኩ አባ እንሴኖ መሄዱ ይቀራል፤ የሚመራው እኔ ስለሆንኩ የእኔም መሄድ ይቀራል። ሙዜ ቤት ዲሽ አለ። ይህን ለዶክተሩ አልነገርኩትም።

እንደዚህ ሦስት ሳምንት ሄደ። ሦስት ቀን ነጭ፣ ሦስት ቀን ቢጫ። በመጀመሪያው ሳምንት አባ የእጅ ጥላ ማየት ጀመረ። በር ላይ ሰው ሲቆም "ማነው?" ይል ነበር። እማ "ነጩ ነው" አለች። ሙዜ "ቢጫው ነው፤ እኔ ቤት ሆኖ ነው ያየው" አለች። እያንዳንዷ በራሷ ቀናት ጣቷን ፊቱ ላይ እየቆጠረች ታስቆጥረው ነበር። አባ ሁለት ጣት እማ ቤት ካየ ሙዜ ቤት ሁለት ሳያይ አያድርም፤ ቢያይም ባያይም። በዚህም እኩል ነበር የሚያካፍለው።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ቡታጅራ ሲሆን ይበላል፤ የተቀመጠ ቆጮ አይቀረውም፤ እንቅልፍ ግን የለውም። እንሴኖ ሲሆን ይወድቃል። ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ያመዋል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል።

"መርዝ ናት ያቺ ቢጫ" አለች እማ።

"እሷ ጋ ሄዶ ይበላል፣ እኔ ጋ መጥቶ ይተኛል" አለች ሙዜ። አነጋገሯ ላይ ቀልድ አልነበረም። ማታ ማታ እግሩን በሙቅ ውኃ ታጥበዋለች፤ ማሩን፣ ሾርባውን ታቀርባለች። እሱ መልሶ ያወጣዋል። "ፈቲሀ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ አንድ ቀን። እኔ ቴሌቪዥኑን አየሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሻይ ጠጥቶ ብርጭቆውን ጠረጴዛው የሌለበት ቦታ አስቀመጠው። ተሰበረ። እኔ ስብርባሪውን ስለቅም እጄን ፊቱ ላይ ሁለቴ አሳለፍኩ። "ማነው?" አላለም።

የቀጠሮው ቀን ሁለቱም ሚስቶች መጡ። ሁለቱም አዲስ ሻሽ አስረዋል። ሁለቱም ፓኬታቸውን በቦርሳቸው ይዘዋል። ዶክተሩ በባትሪው አየው፣ ጣት አስቆጠረው፣ ደግሞ አየው። ፊቱ ተለወጠ።

"ያለፈው ጊዜ ከነበሩበት ወደ ኋላ ሄደዋል። መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?"

"እየወሰደ ነው" አለች እማ።

"አንድ ቀን አልዘለለም" አለች ሙዜ።

"እስቲ ፓኬቱን።"

ከሁለት ቦርሳ ሁለት ፓኬት ወጣ። ዶክተሩ ማየት የጀመረው ያኔ ነው፤ ፓኬቱን ሳይሆን እነሱን። የቀረውን ፍሬ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄ ለምን ተረፈ?"

ነገርኩት። ዲሹን ብቻ ነው ያስቀረሁት።

አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። "ሁለቱን አንድ ላይ ያዘዝኩት ለምን ይመስላችኋል? ነጩን ሦስት ቀን ሰጥታችሁ ሦስት ቀን ስትነጥቁት ነው ሰውነቱ የሚወድቀው። ቢጫውም መርዝ ሆኖ አይደለም፣ ምግቡም አይደለም፤ ነጩ ስለሌለ ነው።"

ሙዜ ቀና አለች። እማ መሬት አየች።

"ሁለቱንም ጋሽ ሰይዶ ኪስ ውስጥ ብትከቱላቸው ምን ነበረበት?" አለ ዶክተሩ።

ኪስ ትዝ ብሎን አያውቅም። ዕቃ የቤት ነው፤ ቤት ደግሞ የሴት ነው።

"አሁንስ?" አለ አባ።

"የጠፋው ጊዜ አይመለስም። ከነርቩ የሞተውም ሞቷል። የተረፈ ካለ ከመጀመሪያው ልንሞክር እንችላለን። ሃያ ስምንት ቀን፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው እየሰጠዎት፣ አንድ ሰዓት ላይ። ከሁለቱ ቤት አንዱን ይምረጡ።"

"አልመርጥም" አለ አባ።

"ዓይንዎ ነው እኮ!"

"ዓይኔ ነው። እነሱ ደግሞ ሚስቶቼ ናቸው። አላህ ስለ ዓይኔ አይጠይቀኝም፤ የሰጠም እሱ የወሰደም እሱ ነው። ስለነሱ ግን ይጠይቀኛል።"

ሙዜ እንባ ያዛት። "ቡታጅራ ይሁን። እኔ ትቻለሁ" አለች።

"ተይ እንጂ!" አለች እማ። "አንቺ ትተሽ፣ እኔ ነጥቄ? እንሴኖ ገበያ ላይ ስሜን ልታጠፊው? እንሴኖ ይሁን።"

"ኧረ ቡታጅራ!"

"እንሴኖ ብያለሁ!"

ሦስት ሳምንት የእኔ ነው ሲሉ የነበሩት ሁለቱ አሁን ያንቺ ነው በመባባል ተጣሉ። ዶክተሩ ግንባሩን ያዘ። ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች በሩን ገፋ አድርገው ያዩናል።

"መጋዘኑስ?" አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። የአባ የበርበሬ መጋዘን ቡታጅራ ነው፤ ግን የማንም ቤት አይደለም። እማ እዚያ ገብታ አታውቅም፤ ያስነጥሳታል። ሙዜም።

"በርበሬ ውስጥ?" አለ ዶክተሩ።

"ከፊት ለፊቱ ሚዛን የሚቀመጥባት ክፍል አለች። በር አላት።"

አባ አሰበ። "ለሁለቱም እኩል ይቀራል" አለ። ፊቱ ያን ጊዜ ብቻ ነው የተፈታው። እኩል መስጠት ባይችል እኩል መንፈግ አገኘ።

"የሚሰጣቸውስ?" አለ ዶክተሩ።

"እኔ። ከሁለቱም ቤት ወጥቻለሁ።"

"ከአምስተኛ ክፍል እንደወጣሽው?"

"የእሱን በር ዘግቼ አልወጣሁም።"

ሃያ ስምንት ቀን እኔና አባ መጋዘን ኖርን። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ነጭና ቢጫ። ምግቡን ሦስት ቀን እማ፣ ሦስት ቀን ሙዜ ያመጣሉ። በሩ ላይ አስነጥሰው አስረክበው ይመለሳሉ። ቀኑ ሲቀየር አንድ ላይ ይደርሳሉ፤ አንዷ ባዶ ሳህን ስትወስድ ሌላዋ ሙሉ ታቀብላለች። መጀመሪያ አይነጋገሩም ነበር። በኋላ "ጨው አብዝተሻል፣ ዶክተሩ ቀንሱ ብሏል" መባባል ጀመሩ።

አባ አንዳንድ ጠዋት "ዛሬ ይቅር፣ ሰለቸኝ" ይላል።

"አይቀርም።"

"አባትሽ እኮ ነኝ።"

"አባቴ መሆንህን አውቃለሁ። አፍህን ክፈት።"

ይከፍታል። ኪኒኑን ስሰጠው ውኃውን እስኪጨርስ ቆሜ አያለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ቀን አላመለጠኝም። ዲሽ አልነበረም፤ የሚያመልጠኝ ነገር አልነበረም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን "በሩ ተከፍቷል" አለ። ተከፍቶ ነበር። በሃያኛው ቀን የሚዛኑን ክንድ አየ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልጨመረም።

ዶክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሲያየው ከሦስት ሜትር ጣት ቆጠረ። ሰው በቅርብ ይለያል፤ መንገድ ብቻውን ይሄዳል። ደብተር አያነብም፤ ድሮም አያነብም ነበር። ዶክተሩ አንድ ቀይ ነገር አሳየው። አባ "ቡና አይነት" አለ።

"መድኃኒቱ ነው ያመጣው ይሄን?" አልኩ።

"ሊሆን ይችላል። በራሱም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያውኑ በትክክል ቢወሰድ የበለጠ ያይ ነበር ወይ ብትዪኝም አላውቅም።"

"አልጠየቅኩህም" አልኩ። ልጠይቀው ነበር።

"ቀዩስ?" አለ አባ።

"እስካሁን ካልመጣ፣ ጋሽ ሰይዶ፣ ባይጠብቁት ይሻላል።"

አባ አመስግኖ ወጣ። ደረጃውን ሳልይዘው ወረደ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እንሴኖ ሄድን። ሰው ሁሉ "ሰይዶ ዳነ! ማሻአላህ!" ይላል። እጁን ይጨብጡታል፤ ብቻውን ሲራመድ ያያሉ። ጆንያ የያዙ ሰዎች መጥተው ተሰለፉ። መጀመሪያ የመጣው ሰማን የሚባል ገበሬ ነው፤ ከአባ ጋር ዓመታት ሠርቷል። የጆንያውን አፍ ፈታ።

አባ እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ ሁለት ዛላ አነሳ። ወደ ብርሃን አዞረ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። በርበሬው ከላይ ደህና ነው፤ ወገቡ ላይ ግን ቀለሙ ጠፍቶ ነጭ የመታው ብዙ ነው። ከሁለት እርምጃ ይታያል። አባ ዝም ብሎ ያዞረዋል። ሰማን ፊቱን ያያል፤ የሚጠብቀው ዋጋውን ሳይሆን የድሮውን ቀልድ ነው።

"ፈቲሀ" አለ አባ ቀስ ብሎ። "ምንድን ነው?"

"ላዩ ጥሩ ነው። መሃሉን ነጭ መትቶታል። ሩቡን ያህል።"

ሰማን ሳቀ። "ልጅት ምን ታውቃለች! ጋሽ ሰይዶ፣ እርስዎ ይዩት እንጂ። እርስዎ ያሉትን እኔ መቼ ተከራክሬ አውቃለሁ?"

እዚህ ላይ ሊዋሽ ይችል ነበር። ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ "ነጭ መትቶታል" ቢል በቃ፤ ማንም አያውቅም፤ እኔ በጆሮው እየነገርኩት እሱ በአፉ እየተናገረ ዓመት ይሄድ ነበር። አባ ዛላዎቹን ወደ ጆንያው መለሳቸው።

"ሰማን" አለ፤ ድምፁን ለወረፋው ሁሉ አሰምቶ። "መንገድ አያለሁ፤ አንተን አያለሁ። በርበሬህ ግን አይታየኝም። ቀዩም ነጩም ለእኔ አንድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እሷ ያለችው ነው። ካልተስማማህ አልቀየምህም።"

ሰማን እኔን አየ፤ ከእግሬ እስከ ሻሼ። ከዚያ የጆንያውን አፍ ቋጠረ፣ ተሸከመና ወደ ሌላ ነጋዴ ሄደ። ከወረፋው ሁለት ሰዎች ተከተሉት።

ሦስተኛው ትንሽ አመነታ። በእግሩ ጆንያውን ገፋ አደረገና አፉን ፈትቶ ወደ እኔ አዞረው።